እማዬ ቀድማ መለሰች

ጥቅምት 3

ሚጣ፣

እንዴት ሰነበትሽ አልልም፤ እንዴት እንደሰነበትሽ ጽፈሽልኛል። ስልክሽን እማዬ "ጨረር አለው፣ ለሕመምሽ አይሆንም" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተችው ሳነብ አልገረመኝም። የገረመኝ አንቺ ዝም ብለሽ መስጠትሽ ነው። ያም ሆኖ በደብዳቤ መሆኑ አይከፋም፤ በስልክ እንደምጮህ አውቃለሁ።

"ስንት ጊዜ ቀረኝ?" ላልሽው፣ ጥያቄው ገና አልደረሰም። የላክሽልኝን የውጤት ወረቀት ቅጂ ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው አካል የተቆረጠ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከእኔ ላቦራቶሪ ቢወጣ የፈረመውን ሰው ከነጋዋኑ አስወጣዋለሁ። "ረዣዥም ሴሎች ታይተዋል፤ የተሰራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል" ይላል። ሊሆን ይችላል ማለት ምን ማለት ነው? ነገም ሊዘንብ ይችላል። በ"ሊሆን ይችላል" የሰው ሆድ አይከፈትም።

"ለምን አትመጣም?" ብለሻል። ባልደረባዬ ወልዳ ቤቷ ናት። የጡት ምርመራ ውጤታቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኔ ሌላ የሚያይላቸው የለም። ብመጣስ ምን አደርጋለሁ? አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከእማዬ ጋር ልጣላ? ይልቅ ስላይዶቹን፣ በሰም የታሸገውን ናሙናና የሲቲ ስካኑን ፊልም በአውቶቡስ ላኪልኝ። የመጠየቅ መብት አለሽ። "ጠፍቷል" ካሉሽ ስሙን ጽፈሽ ላኪልኝ።

አንድ ነገር መልሺልኝ። ከዚህ በፊት ሆድሽ ተከፍቶ ያውቃል? የትርፍ አንጀትሽን ነገር አውቃለሁ። ከእሱ ሌላ?

ለባልሽ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 8

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤህ በባለቤቴ ድምፅ ነው የደረሰኝ። ፖስታውን በር ላይ ተቀብሎ፣ ቀድዶ፣ አልጋዬ ግርጌ ቆሞ የመሬት ወሰን እንደሚያነብ ሰው አንድ ቃል ሳያስቀር አነበበው። ቀያሽ ምን ያድርግ፣ ልማዱ ነው። "ከነጋዋኑ አስወጣዋለሁ" ላይ ሲደርስ ሳቀ። "ከእሱ ሌላ?" ላይ ሲደርስ እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ሌላ ምንም የላትም! ትርፍ አንጀቷን ብቻ ነው። ለሐኪሞቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ለሱም ጻፊለት።"

እንግዲህ መልሱ ይኸው ደረሰህ።

ሁለተኛ ስትጽፍ ፖስታውን በዚህ ዋርድ በምትሠራው ሲስተር ስም ላከው። ጀርባው ላይ ያለው አድራሻ የእሷ ነው። ጥሩ ሴት ናት፣ ብዙ አትጠይቅም። ያዘዝከውን ሁሉ የሰበሰበችልኝም እሷ ናት።

ክፍሉን ልንገርህ። ስድስት አልጋ ነን። የእኔ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ነው፤ በዚህኛው በኩል የእማዬ ወንበር አለ። ለመነሣት እሷ መነሣት አለባት። የመስኮቱን መስታወት እስከ ግማሹ ነጭ ቀለም ቀብተውታል፤ ተኝቼ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው፣ እሱም ደመና ነው። ከጎኔ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተኝታለች፤ ሁላችንም "ዳይሬክተሯ" ነው የምንላት፣ አሁንም ነርሶቹን በተራ ታሰልፋለች። ሐኪሞቹ ሲጠይቁኝ እማዬ ስትመልስ አይታ፣ "አንቺ ልጅ፣ ትርፍ አንጀትሽን ሲያወጡ ምላስሽንም አብረው ነው እንዴ ያወጡት?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እማዬ እስከ ዛሬ አኩርፋታለች።

ቀዶ ጥገናው ለኅዳር 5 ተቀጥሯል። ማህፀኔን፣ ሁለቱን እንቁልጢዎች፣ አንጀት ላይ የሚጋረደውን ስብ፣ ካስፈለገም ከአንጀቴ ቁራጭ ያወጣሉ። ከዚያ ኬሞ ነው። ባለቤቴ "አንቺ ምንም አትጨነቂ" ብሎ ፈርሟል። እኔም ፈርሜያለሁ፤ እስክሪብቶውን እሱ ከፍቶ ነው የሰጠኝ።

እህትህ


ጥቅምት 14

ሚጣ፣

ስላይዶችን በካልሲ ጠቅልሎ የላከ ሰው ከአንቺ በፊት አላጋጠመኝም። አንዱም አልተሰበረም፤ ስለዚህ ተሳስቻለሁ፣ ካልሲ ጥሩ ነው።

አሁን የጻፍኩትን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሴሎቹ ረዣዥም ናቸው፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ እንደ ሌላው ናቸው፣ ጎን ለጎን በሥርዓት ተኝተዋል። ካንሰር ሥርዓት የለውም። እየተከፋፈለ ያለ ሴል ፍለጋ ከጥግ እስከ ጥግ ሄድኩ፣ አላገኘሁም። የሞተ ሥጋም የለም። ከሰሙ ላይ አዲስ ቆርጬ ጡንቻን በሚለይ ቀለም ቀባሁት፤ ጡንቻ ነው። የሴት ሆርሞን ይቀበል እንደሆነ በሌላ ቀለም አየሁ፤ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ጡንቻ ያለበትን ቤት እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ፣ ማህፀን ነው። ይህ ማዮማ ነው። ካንሰር አይደለም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው፤ እኔ ደግሜ አልጽፈውም።

ነገር ግን ናሙናው በማህፀንሽ ውስጥ የተገኘ አይደለም። አንዱ ዕጢ ከፊኛሽ ኋላ ነው፣ አንዱ ስቡ ላይ፣ አንዱ በግራ በኩል የሆድሽ ግድግዳ ውስጥ። ማዮማ እግር የለውም። እንዲህ ተበትኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቀድሞ የነበረ ማዮማ በትንሽ ቀዳዳ እንዲወጣ ሆድ ውስጥ በማሽን ተቆራርጧል፣ ፍርፋሪው ቀርቷል፣ ያረፈበት ቦታ ላይ የደም ሥር አግኝቶ አድጓል። ሳይተክሉት የበቀለ ማለት ነው። ክፉ አይደለም፤ ብቻ ያለ ቦታው ነው ያለው።

ይህን ሳስብ ፊልሙን አነሣሁ። በመስኮቱ ብርሃን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አየሁት፤ የማየውም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። በስተቀኝ፣ መሆን ባለበት ቦታ ላይ፣ ትርፍ አንጀትሽ አለ። ቀጭን፣ ጤነኛ፣ ውስጡ አየር ያለበት። ዓይኔን አላመንኩም፤ የራጅ ሐኪሙን ጠርቼ የማን እንደሆነ ሳልነግረው "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት። "ደግሞ ዛሬ ትርፍ አንጀት መለየት አቃተህ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሲቲ ስካኑን ያነበበው ባለሙያ ዕጢ ፈልግ ተባለ፣ ዕጢ አገኘ፣ ሄደ። ደህና ስለሆነው ነገር የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል በዚህ ዘመን።

ሚጣ፣ ያኔ የወጣው ምንድን ነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ጋሼ፣

ያልከውን ደግሜ አነበብኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቆሜ። ስወጣ እማዬ "ምነው ዓይንሽ ቀላ?" አለችኝ። "ሳሙና ገባብኝ" አልኳት።

ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቋ ፈተናዋን ጨረሰች? የባልደረባህስ ሕፃን? ያንተስ ወገብ? ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አትጎበጥ፣ በየመካከሉ ተነሥ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዲህ ያለ ዕጢ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ከማህፀን ተላቅቆ ሌላ ቦታ መብቀል አይችልም? አንዳንዴ እንኳን? "ይችላል" ብለህ ለቀዶ ሐኪሙ ብትነግረው አይበቃም? አንተ ስትናገር ሰው ይሰማሃል።

ስለ ትርፍ አንጀቱ፣ ፊልሙ ተሳስቶ ይሆናል። ማሽኑ አሮጌ ነው ይላሉ።

እህትህ


ጥቅምት 20

ሚጣ፣

ማሽኑ አሮጌ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ማሽን ምስል ያደበዝዛል እንጂ የአካል ክፍል አይፈጥርም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ወገቤም አለ።

ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ይችላል። ከማህፀን ላይ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለ ማዮማ ከሌላ አካል ጋር ተጣብቆ፣ ግንዱ ተበጥሶ፣ እዚያው ሊቀር ይችላል። ምላጭ ነክቷት በማያውቅ ሴት ሆድ ውስጥ ተገኝቶ ያውቃል፤ ብርቅ ቢሆንም ተገኝቷል። ሦስት ቦታ፣ ያውም አንዱ ከጠባሳሽ ሥር? ይህን የሚነግረኝ ተማሪ ቢሆን ከክፍል አስወጣው ነበር።

ቢሆንም ስላልሽኝ ትናንት ለቀዶ ሐኪምሽ ደወልኩለት። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር።

"ስላይዱን አይቼዋለሁ፣ ማዮማ ነው" አልኩት።

"ማየትህን አከብራለሁ ዶክተር። ግን መርፌው የወሰደው ክር የምታህል ሥጋ ናት። ደህናውን ጥግ ወስዶ ቢሆንስ? ማህፀኗ ተነክቶ አያውቅም። ሳይነካ ሦስት ቦታ የተበተነን ነገር ደህና ነው ብዬ ልተወው?"

"ጠባሳዎቿስ?"

"ትንንሽ ናቸው፣ በካሜራ የተሠራ ነው። ትርፍ አንጀትም እኮ በካሜራ ይወጣል።"

"ማህፀኗ እንዳልተነካ ማን ነገረህ?"

"እናቷ።"

"እሷስ ምን አለች?"

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። "እናትየው ሲናገሩ እሷ አንገቷን ነቀነቀች" አለኝ።

አንገቷን ነቀነቀች! ሚጣ፣ በአንገት ንቅናቄ የተጻፈ የሕመም ታሪክ ይዞ ሰውየው ቢላውን ሊያነሣ ነው። የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱ የያዘውን ታሪክ ብይዝ እኔም የምወስነው ያንኑ ነው። ስህተቱ እሱ ጋ አይደለም። እኔ ጋም አይደለም።

አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ከእማዬ ወንበር በዚያኛው በኩል።

ቀኑ እየደረሰ ነው። ጻፊልኝ። ስለ ልጆቼ ሳይሆን።

ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ጋሼ፣

ገምተኸዋል፣ ግን በእኔ እጅ እንዲጻፍ ፈልገሃል። ይኸው ተጻፈልህ። ማዮማ ነበር።

አንተ ለትምህርት በሄድክበት ዓመት ነው። በካሜራ እናወጣዋለን፣ ትልቅ ስለሆነ ግን ሆድሽ ውስጥ በማሽን እንቆራርጠዋለን አሉኝ። እኔ ያኔም ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። "ቁርጥራጩስ?" ብዬ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም። መቁረጫ ጠረጴዛዬን የቱንም ያህል ብጠርገው ብጣሹ ሌላ ጊዜ ከሌላ ሰው ኮት ኪስ ውስጥ ይወጣል። ይህን እያወቅኩ አልጠየቅኩም።

እማዬ የሆስፒታሉን በር ሳንወጣ ነው የወሰነችው። ክንዴን ደግፋ ይዛኝ፣ "ትርፍ አንጀት ነው የምንለው" አለች። "ማህፀኗ ተቆረጠ ከተባለ ማን ያገባታል?" ለአክስቶቻችን እንደዚያ አለች፣ ለጎረቤት፣ በስልክ ላንተ። መጀመሪያ ላይ ስትናገር ዞር ብላ ታየኝ ነበር፣ በኋላ ማየትም ተወች። አሁን የምታምነው ይመስለኛል። እውነቴን ነው፣ አንዳንድ ቀን እኔም አምነዋለሁ።

ከዚያ እሱ መጣ። ተጋባን። ልጅ አልመጣም። እኔ ሳልጠየቅ እሱ ሄዶ ተመረመረ፤ "ዘርህ ትንሽ ደካማ ነው" አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነው፤ በአፉ አይደለም። ጫማዬን ጠርጎ በር ላይ ያስቀምጣል። ሰው "ልጅስ?" ሲለን ከእኔ ቀድሞ "የእኔ ነው ችግሩ" ይላል። አሁን ፋይሌን በብብቱ ይዞ ከክፍል ክፍል ይሮጣል፣ ውስጡ የተጻፈውን እያንዳንዱን መስመር ያነባል። ለሐኪሙ ብናገር ይጻፋል። ከተጻፈ ያነበዋል። ካነበበው ይቅርታ የጠየቀባቸውን ዓመታት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል፤ ሥራው መለካት ነው እኮ ጋሼ።

የማልነግርህ አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ልንገርህ። ማህፀኔ ከወጣ ከእንግዲህ ማንም ምንም አይጠይቀኝም ብዬ አስባለሁ። ሳስበው እፎይ ይለኛል። ጠዋት ስነቃ ግን ሁለት እጆቼን ሆዴ ላይ ደርቤ ነው የማገኘው፤ ሌባ የመጣብኝ ይመስል።

ለማንም አትናገር። ማልልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 26

እህቴ፣

መሐላ አልወድም። የነገርሽኝን ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። እሱ ያንቺ ነው።

በዓይኔ ያየሁት ግን የእኔ ነው። ለቀዶ ሐኪሙ በፊርማዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ፊልሙ ላይ ትርፍ አንጀቷ በቦታው ይታያል። ስለዚህ ያለፈው ቀዶ ጥገና የትርፍ አንጀት አልነበረም። ምን እንደነበረ አላውቅም። እሷን ብቻዋን ጠይቃት።" "ብቻዋን" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። "አላውቅም" ማለቴን ልብ በይልኝ፤ ከፊርማዬ በላይ ውሸት ጽፌ አላውቅም ነበር።

ቢያንስ ሆድሽን ሲከፍቱ መጀመሪያ አንዱን ዕጢ ብቻ አውጥተው እዚያው አቀዝቅዘው፣ በስሱ ቆርጠው እንዲመረምሩት ጠይቄዋለሁ። ተስማምቷል። ግን "ታሪኩ ካልተለወጠ በዚያ ብቻ አልወስንም" ብሎኛል፣ ትክክልም ነው።

"እፎይ ይለኛል" ያልሽውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጥያቄ ለማስቀረት ጤነኛ የአካል ክፍል ይወጣል የሚል መጽሐፍ አላነበብኩም። እኔ ያላነበብኩት ደግሞ አልተጻፈም ማለት ነው፤ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፣ ሳቂ። በእማዬ ተናድጃለሁ። በአንቺም። የእሷን ንዴት ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ እንዳትወድቂ ብላ ነው እስካሁን የያዘችሽ።

ስለ ባልሽ ምንም የምልሽ የለኝም። የእሱን ስላይድ አላየሁም።

ሐኪሙ መጥቶ ይጠይቅሻል። የሚያስፈልገው ከአንቺ አፍ የሚወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 10

ይድረስ ለጋሼ፣

አሁን መቀመጥ ችያለሁ። ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ፊደሉን ታገሠኝ።

ሐኪሙ ቃሉን ጠብቆ ነበር። ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና "ቤተሰብ ለትንሽ ጊዜ ይውጣልን" አለ። እማዬ ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ "እኔ ቤተሰብ አይደለሁም፣ እናት ነኝ" አለች። ዳይሬክተሯ "ይውጡ እንጂ እማማ፣ ደወሉ ተደውሏል!" አለች። ንቅንቅ የለም። ባለቤቴም ፋይሉን አቅፎ ቆሟል።

ሐኪሙ ሲቸግረው እዚያው ጠየቀ። "እማማ፣ ትርፍ አንጀቷ ወጥቷል ብለውን ነበር። ፊልሙ ላይ ግን አለ።"

እማዬ ዓይኗን እንኳን አላርገበገበችም። "ታዲያ ተመልሶ በቅሎ ይሆናላ!"

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቻሉ፣ በኋላ አልቻሉም። ዳይሬክተሯ የሆዷን ስፌት ይዛ እያቃሰተች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ ጋሼ፤ እዚህ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቀና ስል ያልሳቀ አንድ ሰው አየሁ። የወሰን ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ ሲያገኝ እንደሚያየው ነው የሚያየኝ።

ያኔ ተናገርኩ። "የወጣው ማዮማ ነው። ሆዴ ውስጥ ተቆራርጦ ነው የወጣው።" እማዬ "ተይ፣ ደክሟት ነው፣ አታውቅም" አለች። እኔ መናገሬን ቀጠልኩ። ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፣ አንዱ ተማሪ ይጽፋል። ሲጨርስ ፋይሉን ለባለቤቴ ሊመልስለት ዘረጋ። እሱ ተቀብሎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። "ያንቺ ነው" አለኝና ወጣ። ከባድ ነው ለካ። እሱ ሲይዘው ወረቀት ይመስለኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ገባሁ። አንዱን አውጥተው እዚያው አዩት፤ ያልከው ሆነ። የቀሩትን ሁለቱንም ለቀሙ። ሌላ ምንም አልነኩም፤ ማህፀኔም እንቁልጢዎቼም አሉ፣ ኬሞ የሚባል ነገርም ተሰርዟል። ለወደፊቱ በየጊዜው እየመጣሁ እታያለሁ። ሦስቱም ዕጢዎች በፎርማሊን ሆነው በአውቶቡስ ወዳንተ እየመጡ ነው፣ ካልሲ አልበቃቸውም። የመጨረሻውን ውጤት በእኔ ስም ላክልኝ። በሲስተር ስም አይደለም፣ በእኔ ስም።

እማዬ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሲያስገቡኝ ሐኪሙን እጅጌውን ይዛ፣ "ዶክተር፣ እግረ መንገድዎን ትርፍ አንጀቷንም ያውጡላት" ብላዋለች። የተናገረችው እውነት እንዲሆንላት ነው። መጥቶ ጠየቀኝ። "አይነካ፣ ምስክሬ ነው" አልኩት።

ባለቤቴ እናቱ ቤት ነው የሚያድረው። በመጠየቂያ ሰዓት ግን ይመጣል። ብርቱካን ይልጣል፣ ለእማዬም ለእኔም ያካፍላል፣ አይናገርም፣ ፋይሉንም አይነካም። የሚሆነውን አላውቅም፣ አትጠይቀኝ። ትናንት ልጣጩን ሰብስቦ ከተነሣ በኋላ ቆመና፣ "ያኔ አሞሽ ነበር?" አለኝ።

እማዬ አፏን ስትከፍት አየኋት። ቀደምኳት።

እህትህ